እንዲያው ምን ቀረን? ብራናም በማሽን ይነበብ ጀመር!

ወገኖቼ፣ ዘመኑ እንደከፋ እናንተም አላጣችሁትም፤ ይህን የምጽፈው ላስረዳችሁ ሳይሆን አብረን እንድንተክዝ ነው። ጠላው በፕላስቲክ ጆግ ይቀዳል። ሙሽራዋ በባጃጅ ትገባለች። ልቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ጎልማሳ ስታዩ ያዘነ ይመስላችኋል፤ ጠጋ ብትሉ ስልኩን ነው የሚጎረጉረው። የፎገራ ሜዳችን የከብት መሰማሪያ፣ የጤፍና የኑግ አገር ነበር፤ ዛሬ ከወረታ እስከ ቁሐር ሚካኤል፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ጣና ዳር ሩዝ በሩዝ ሆኗል። ሩዝ እህል ነው እንዴ? ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይጋግሩትና እንጀራው ነጣ ብለው ይደሰታሉ። (ዘንድሮ የኔ ሩዝ ዋጋው ወርዶ እንዴት እንደተቃጠልኩ ግን አታንሱብኝ።) ይህን ሁሉ ችለን ኖረናል። አሁን ግን ልክ ያለፈ ነገር መጣ፤ ብራናውን ማሽን ያነበዋል አሉን።

አዎን፣ ብራናውን! ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተነክሮ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ የሚገኘውን። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ከቀለም ቀንድ እየነከረ፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ እየለየ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ የሚጽፈውን። ያንን አንባቢ ለመሆን በእኛ ጊዜ ስንት መከራ ነበረው! ፊደል ቆጥረህ፣ አቡጊዳ ወርደህ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ለይተህ፣ ወንጌሉን አልፈህ፣ ዳዊት ስትደግም ነው ሰው የምትባለው። ያውም ደበሎ ለብሰህ፣ አኩፋዳ አንግተህ፣ በየደጁ ቁራሽ ለምነህ። የየደጁ ውሻም ቢሆን ያኔ ምግባር ነበረው፤ የሚነክሰው ሰነፍ ተማሪ ብቻ ነበር። የኔታ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው እንኳ፣ ጥግ ያለው ልጅ ጠብቆ የሚነበበውን አላልቶ ቢያልፍ ይሰማቸዋል። በዚያ ዘመን የሚሳሳት ተማሪ የሚባል ነገር አልነበረም። አርጩሜ የምንቆርጥላቸውም በየሳምንቱ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸው ነበርና።

ምን የጎደለ ነገር ነበረ! ጉማራና ርብ ሲሞሉ እንኳ በሥርዓት ነበር፤ ለም አፈር አልብሰውን፣ ደህና ሰንብቱ ብለውን ነበር ወደ ጣና የሚወርዱት። ያሁኑ ጎርፍ ደጅ ሳያንኳኳ ይገባል። የፎገራ ላም በአንድ እልበት ጋን ትሞላ ነበር። ወባዋም ብትሆን ትልቅ ሰው ታከብር ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ግማሹ መንደር በንዳድ የሚተኛው እንዲያው ዕረፍት ፈልጎ ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ነገሩን የነገረችኝ ባሕር ዳር የምትማር የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ማሽን ለርኒንግ ይባላል» አለችኝ። እኔ ጆሮዬ ደከም ስላለ ሦስት ጊዜ አስደገምኳትና ሦስቱንም ጊዜ አልወደድኩትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ምሁራን፣ ከፈረንሳይና ከስዊድን ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ኤችኤችዲ-ኢትዮፒክ የተባለ ስብስብ አወጡ። ቀዳሚው አዘጋጅ ብርሃኑ ኃይሉ በላይ ይባላል። ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጻፉ መጻሕፍት 1700 ያህል ገጽ ወሰዱ፤ ገጹን መስመር በመስመር ቆራረጡት፤ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ የመስመር ፎቶ ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ሰው አንብቦ በኮምፒውተር ጻፈው፤ ሌላ አዋቂ ደግሞ ተመልሶ አረመው። ልብ በሉ! ማሽኑ አነበበ ከመባሉ በፊት ያነበበው ሰው ነው። 80 ሺህ መስመር ግን ይህን ያህል የሚያስወራ ነው? እኛ ይህን ያህል ከቁርስ በፊት ነበር የምናነበው። ለነገሩ ቁርስ የሚባል ነገርም አልነበረንም።

የማሽኑን ትምህርት ላስረዳችሁ፤ የልጅ ልጄ ለእኔ ያስረዳችኝ ግራ አጋብታ ስለሆነ፣ በእኔ አፍ ይሻላችኋል። ማሽኑ ቆሎ ተማሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ረኃብ የለበትም፣ እንቅልፍ የለበትም፣ ወላጅ አይናፍቅም። የመስመሩን ፎቶ ያሳዩታል። «ምን ይላል?» ይሉታል። መጀመሪያ ያገኘውን ይዘላብዳል። መልሱን አውጥተው ያስተያዩበታል። የሳተውን ያህል በውስጡ ያሉት እልፍ አእላፍ ቁጥሮች ጥቂት ጥቂት ይነቃነቃሉ፤ ይህችኛዋ ጫፍ ያላት «ሲ» ናት፣ ያችኛዋ ጫፍ የሌላት «ሰ» ናት እያለ ይለምዳል። ደግመው ያሳዩታል፤ ደግሞ ይስታል፤ ደግሞ ይታረማል። ይኸ ምን አዲስ ነገር አለው? የኔታም እኮ እንዲሁ ነበር ያስተማሩን! አርጩሜው ብቻ ነው የቀረው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ እኛ ያን ሁሉ ሸክም ችለን የተማርነውን ይኼ ያለ አንዲት ሰንበር ተማረ። ያለ አርጩሜ የተገኘ ዕውቀት ደግሞ አይጸናም፤ እኔን እዩኝ፣ የተገረፍኩበትን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ምን ሳነብ እንደተገረፍኩ ግን እንጃ።

ፈተናውንስ ሰማችሁ? ያስተማሩት በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እጅ ነው። ሲፈትኑት ግን ሁለት ፈተና አቀረቡለት። አንደኛው ከተማረው ጋር የሚመሳሰል፣ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ መስመር። ሁለተኛው ጭራሽ አይቶት የማያውቀው የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ 16 ሺህ ያህል መስመር። በአዲስ ተምሮ በአሮጌ ተፈተነ ማለት ነው። ይኸስ የጨዋ ፈተና ነው፣ አልደብቅም፤ የጎንደሮቹ ዘመን ጉልሕ ጽሕፈት፣ ያ ደርበብ ብሎ የተቀመጠው፣ ከኋለኛው ችኩል እጅ ጋር አንድ አይደለም። ብራናው ቀለሙን ለቅቋል፣ ጧፍ አንጠብጥቦበታል፣ ተሳላሚው አሽቶታል። ድጓ ከሆነ ደግሞ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት የሚባለው የዜማ ምልክት ከመስመሩ በላይ ተንጠልጥሎ ዓይን ያምታታል።

ከዚያ የሆነውን ስሙና ጉድ በሉ። ማሽኑን ብቻውን አልፈተኑትም፤ ሰዎችንም አብረው ፈተኑ። ለማሽኑ በሚቀርበው በመጀመሪያው ፈተና ማሽኑ ሰዎቹን በለጣቸው! በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። በለጣቸው ይበሉ እንጂ፣ እነማን ናቸው እነዚህ ሰዎች? ንባብ ቤት ውለዋል? ዳዊት ደግመዋል? ወይስ ከእነስልካቸው፣ ከእነማኪያቷቸው ነው ወንበር ላይ የተጎለቱት? ቁሐር ቢመጡ ኖሮ እኔ አሳያቸው ነበር። መነጽሬ ቢጠገን፣ ብርሃኑ ደህና ቢሆን፣ ጽሑፉም ተለቅ ያለ ቢሆን፣ ከዚያም አስቀድሜ የማውቀው መጽሐፍ ቢሆን ማንም ማሽን አይስተካከለኝም።

ደግሞ አዲስ ነገር ያመጡ ይመስላቸዋል። የአማርኛን ፊደል ለኮምፒውተር ማስነበብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ስንት ጊዜው ነው፤ ወርቁ ዓለሙ በዚሁ ጉዳይ የማስተርስ ጽሑፉን ያቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም ወዲህ ያረጋል አሰቤ የእጅ ጽሑፉን ይዞ ደክሞበታል። ከእነሱም በፊት የብራናዎቻችንን ፎቶ ማንሣት የተለመደ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ የጣናን ደሴቶች በታንኳ እያዳረሰ የገዳማቱን መጻሕፍት ማይክሮፊልም አነሣ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለው ሥራ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን ፊልም አስነሣ፤ ቅጂውም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ካለ ገዳም ደረሰ። ያን ፊልም እያገላበጠ፣ ይህ ገድል ነው፣ ይህ ድርሳን ነው፣ ይህን የጻፈው እገሌ ነው እያለ የዘረዘረው ማን ነው? ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ! በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በገዛ ዓይናቸው። እስኪ ማሽኑ ያን ያህል ልብ አለው? እሳቸው በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ብራናው ተቆጪ አጣ።

በፊልም ያልሄደው ደግሞ በዝሆን ጀርባ ሄዷል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካኖሩት ውስጥ፣ እንግሊዞቹ በ1868 እ.ኤ.አ. ዘርፈው የወሰዱት 350 ያህሉ ለንደን ገባ። ከእነዚያ ውስጥ አንዳንዱን በኢንተርኔት ታየዋለህ ይሉኛል። የራሴን አገር መጽሐፍ ለማየት ካርድ ሞልቼ፣ ኔትወርክ ጠብቄ፣ ከዛፍ ሥር ወደ ኮረብታ ወጥቼ! (ያየሁት ግን ሐረጉ አምሮ፣ ቀለሙ ደምቆ ነው፤ እንዲያውም ስልኬ ውስጥ ሦስት ገጽ አስቀርቻለሁ። ስልክ ደግሞ አልወድም።)

በሰው አገርም ቢሆን ይኸው በሽታ ነው። ጣልያን አገር፣ ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በ79 እ.ኤ.አ. ከሰል ያደረጋቸው የመጽሐፍ ጥቅሎች ነበሩ፤ ቢነኳቸው ይፈረፈራሉ። ሳይገልጧቸው በራጅ አንሥተው ቀለሙ የቱ ጋ እንዳለ ለማሽን አስተማሩትና፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሦስት ወጣቶች 700 ሺህ ዶላር ተሸለሙበት። የተነበበው ስለ ምን ነው ብትሉ፣ ስለ ምግብና ስለ ደስታ! ይህን ለማወቅ ሁለት ሺህ ዓመት ከሰል ሆኖ መቆየት ያስፈልግ ነበር? እኔን ቢጠይቁኝ በነጻ እነግራቸው ነበር። ፔሩ የሚባል አገር ደግሞ፣ በናስካ በረሃ ላይ የጥንት ሰዎች የጫሩትን ሥዕል ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ማሽን ይፈልገዋል፤ በስድስት ወር 303 አዲስ አገኘሁ አለ። አውሮፓ ውስጥ አርክኤይድ የተባለ ፕሮጀክት የገል ፎቶ አይቶ የምን ዓይነት ዕቃ ስባሪ እንደሆነ የሚገምት ማሽን ሠርቷል። ገል! የእኛ እናቶች ከምንጭ ሲመለሱ ለተሰበረ እንስራ አንዲት ገል አንሥተው «ይኸ የእገሊት እጅ ነው» ይሉ ነበር፤ ማንም ዶላር አልሰጣቸውም።

እዚሁ በደጃችንስ? ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ከጣና በስተምሥራቅ፣ በበጌምድር ዋሻዎች ቆፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ግድም የነበረ ገብስና ሽምብራ አግኝታለች፤ ዘገባዋ በ1970 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንግዲህ ሽምብራችን የሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሽምብራ ነው፤ ለዚህ ነው ያሁኑን የሚጠላው ሆዴ። እሷ አንዲት ቅንጣት ለማግኘት አፈሩን ነፍታ፣ ዘርዝራ ነው። ያሁኖቹ ፍሬውንም፣ አጥንቱንም፣ ገሉንም ፎቶ አንሥተው ማሽኑ ይለይልን ይላሉ። ይለይ! እኔን የሚያሳስበኝ ከእኛ ቀጥሎ የሚቆፍረው ነው። ምን ያገኝ መሰላችሁ? የሃይላንድ ኮዳ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የካርድ ልጣጭ። ማሽን ሳያስፈልገው በአንድ ዓይኑ ይለየዋል፤ «እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ነበሩ» ብሎ ጉድጓዱን ይደፍነዋል።

ከሰማይ የሚያየው ዓይን ደግሞ አለ። ተመራማሪዎች በደቡብ ጎንደር ብቻ 1022 የቤተ ክርስቲያን ደን በካርታ ላይ ቆጥረዋል። በ1938 እ.ኤ.አ. በጣልያን ዘመን ከአውሮፕላን የተነሣውን ፎቶ ካሁኑ የሳተላይት ፎቶ ጋር እያስተያዩ፣ የቱ ደን ሰፋ፣ የቱ ሳሳ ብለው አጥንተዋል። እመጓ የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በእነዚሁ በደቡብ ጎንደር ደኖች ላይ ነው፤ እሱስ በእግሩ ሄዶ ዛፉን በእጁ እየዳሰሰ ነው፣ እግዜር ይስጠው። እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጠላውን ሲጠጣ ከላይ ሆኖ ማየት ምን ዓይነት ነውር ነው? ለልጅ ልጄ ይህንኑ ስነግራት የቁሐርን ፎቶ ከፍታ አሳየችኝ። ደጄ ይታያል። ግራሩም ይታያል። የጎረቤቴ አጥር በእኔ በኩል እንዴት ገፍቶ እንደመጣም ፍንትው ብሎ ይታያል! ነውሩ ነውር ነው፤ ግን ተለቅ አድርጋ አሳትማ እንድታመጣልኝ ነግሬያታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልግባ። ከአባቴ የወረስኩት አንድ ዳዊት አለ፤ ከእነማኅደሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አያቴ በመጨረሻው ቅጠል ላይ በገዛ እጃቸው ሁለት ነገር ጽፈውበታል። ይህ የአገራችን ወግ ነው፤ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ኅዳግ ስንት የመሬት ስጦታ፣ ስንት ሽያጭና ውርስ ይዞ ኖሯል፤ ዶናልድ ክራሚ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እነዚያን ጽሑፎች ከብራናው ላይ አሰባስቦ በ2000 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ብራና ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። እንግዲህ የአያቴ የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ ለማዶ ቤት ሰዎች አንድ ወይፈን «አበደርኩ» ይላል። ይህን በቤታችን የማያውቅ የለም። እኔም ማኅበር ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ክፉ ባልሆነ አነጋገር፣ ሳላስታውሳቸው የዋልኩበት ጊዜ የለም።

ልጅቱ ገጹን በስልኳ አነሣችና ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዋ ላከች። ጓደኛዋ ማሽኑን አስነበበው። የመጣው መልስ «ተበደርኩ» ይላል።

ተበደርኩ! አንዲት ፊደል! «አ» በነበረበት «ተ» አስገብቶ ቤተሰባችንን ባለዕዳ አደረገን። ልጅቱ ፎቶውን አጉልታ፣ አጉልታ፣ ዝም አለችና «ቡና ላፍላ» ብላ ወጣች። ባለቤቴም ጠጋ ብላ አየችውና የሚቆላ ቡና ትዝ አላት። ማሽኑ ያልተማረ መሆኑን ያረጋገጥኩት ያኔ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ ግን፣ የወንዝ ዳሩ መሬት የአያቴ ርስት መሆኑን የሚናገረው፣ አንዲት ነጥብ ሳይስት ቁልጭ አድርጎ አንብቦታል። እንዲህ ያለ ብልህ ማሽን አይቼ አላውቅም።

ቁም ነገሩን የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን የሚያስተምሩት ሰዎች የሚመዝኑት ከመቶ ፊደል ስንቱን ሳተ እያሉ ነው። ከመቶ አንድ ብቻ ከሳተ 99 በመቶ አወቀ ብለው ያጨበጭባሉ። ይሁን። ያቺ የሳታት አንዲት ፊደል ግን የት ላይ ወደቀች? በስም መካከል ከወደቀች አንድ ንጉሥ ስሙ ይለወጣል። በቁጥር ላይ ከወደቀች ዘመኑ ይዛባል። በ«አ» እና በ«ተ» መካከል ከወደቀች ወይፈን ከበረት ይወጣል። መቶኛው የሚቆጥረው ፊደል ነው፤ የፊደሉን ክብደት አይመዝንም። ያንን የሚመዝን፣ ይህ ቃል እዚህ ቦታ ሊቆም አይችልም ብሎ የሚጠረጥር፣ ጸሐፊውን፣ አገሩን፣ የዕዳውን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። የባሕር ዳሩ ስብስብ አዘጋጆችም ራሳቸው የፊደላችን ጥቃቅን ምልክት ማሽኑን እንደሚያስቸግረው አልሸሸጉም፤ ለጨዋነታቸው አመሰግናለሁ፤ ስለ ወይፈኑ ባይጽፉም።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ሁለት ሊቃውንት ብራና ላይ ዓይናቸውን ከጣሉ ወዲያው ይስማሙ ነበር። ትዝ ይለኛል፣ የአንድ መሬት ውል ላይ ሁለት መሪጌታዎች በአንዲት ፊደል ተለያይተው ከጥምቀት እስከ ፍልሰታ ሳይነጋገሩ ከርመዋል። እንዲህ ነበር ቁምነገረኝነት!

ማሽኑና ሰው አብረው ቢሠሩስ ለሚለው ደግሞ በሌሎች አገር የታየ ነገር አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢታካ የተባለ ማሽን በተሰባበሩ የጥንት ግሪክ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ተፈተነ፤ የጎደለውን ፊደል ሙላ ተባለ። የታሪክ ሊቃውንቱ ብቻቸውን ሲሞሉ ከመቶ 25 አገኙ። ማሽኑ ብቻውን 62 አገኘ። ሊቃውንቱ ማሽኑን ይዘው ሲሞሉ ግን 72 ደረሱ። ይህን ስሰማ ደስ እንዳይለኝ ብዙ ታገልኩ። የዕድሜ እኩዮቼ፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከሁለቱ ማንንም ነጥለህ ብታስቀር ይጎድላል። በአሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተአምረ ማርያምን ታሪኮች ከየብራናው የሚሰበስቡት፣ በጀርመን፣ ሐምቡርግ ላይ ቤተ መጻሕፍት ብለው የኢትዮጵያን ብራናዎች የሚዘረዝሩት፣ ማሽን አጠገባቸው እያለ እንኳ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይኳትናሉ። እኛ ግን ግዕዝ የሚያውቁትን መሪጌታዎች አጠገባችን ይዘን ልጆቻችንን የምናስተምራቸው ሌላ ነገር ነው። የእኔ ልጆችስ? እነሱ እንኳ ሥራ በዝቶባቸው፣ እኔም በወቅቱ እንግሊዝኛ ይቅደም ብዬ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ስሙ። ማሽኑ ይግባ። ከቤተ መቅደስ ጣሪያ የሚያንጠባጥበው ዝናብ፣ ምስጡ፣ አይጡ፣ ሌባው ብራናውን እየፈጀው ሳለ፣ አንባቢ እስኪወለድ እንጠብቅ ማለት ሞኝነት ነው። ብራና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከካህናቱና ከሽማግሌው ጋር መክራችሁ ፎቶ አስነሡ፤ ሲነሣ ግን በቀን ብርሃን፣ ገጹ ሳይታጠፍ፣ ስልኩ ሳይዘነብል፣ ብልጭታውን አጥፍቶ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ኅዳጉ ሳይቆረጥ። ዋናው ብራና ከቦታው አይነቃነቅ። (ባትሪውንም ቀድማችሁ ሙሉት፤ የኔ ሁልጊዜ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ይጠፋብኛል።) እናንተ የባሕር ዳር ልጆች ደግሞ፣ እናንተም የጎንደርና የአዲስ አበባ፣ ማሽናችሁን ስታስተምሩ ወደ አብነት ትምህርት ቤቶቹ ኑ፤ ለሚያነብላችሁ መሪጌታ ስሙን ጻፉለት፣ ድካሙን ክፈሉት። ከሰው ጋር ስታወዳድሩትም ንባብ ቤት የዋለ ሰው ጥሩ። ወይፈኑን በተመለከተ ጉዳዩ የተዘጋ ነው፤ ማሽኑ እስኪታረም ድረስ ዕዳው የማዶ ቤት ሰዎች ነው።

ለወላጆች ያለኝ ቃል አጭር ነው። ማሽኑ የሚያነበውን የሚያርም ሰው የሚወጣው ከእናንተ ቤት ነውና፣ በዚህ ክረምት አንድ ልጃችሁን የኔታ ዘንድ ላኩ፤ ዳዊት ደግሞ ይመለስ።